«ካምቢዮው ይውረድ» ከመባሉ በፊት

ጠጋ ይበሉ፤ ይህን ጋራዥ ውስጥ ጮክ ብለን አናወራውም። አንድ ባለ መኪና መጥቶ «ማርሽ ስቀንስ ይመታል» ሲለን መጀመሪያ የምናየው መኪናውን ሳይሆን ሰውየውን ነው። አጠገባችን ቆሞ ሊያይ ነው ወይስ ቁልፉን አስረክቦ ቡና ሊጠጣ ነው የሚሄደው? ከሄደ «ካምቢዮው መውረድ አለበት» ለማለት ጊዜ አይፈጅብንም። ካምቢዮ ማውረድ ቀን ሙሉ የሚያሠራ ነው፤ የእጅ ዋጋው ደህና ነው፤ አንዴ ከወረደና ጠረጴዛ ላይ ከተበታተነ ደግሞ «ይህ ይቀየር፣ ያኛው ይቅር» ብሎ የሚከራከረን ባለቤት አይገኝም። ብረቱ ሁሉ በዘይት ጠቁሮ ሲያዩት የተበላሸ ይመስላል።

ሥራውን የሚያውቅ ሰው ግን ሌላ ነገር ያውቃል። ማርሽ ሲቀነስ የሚመታ መኪና ውስጥ ካምቢዮው ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከሁሉም በኋላ ነው። ከእርሱ በፊት የሹፌሩ እግር አለ፤ የፍሪሲዮኑ ፖምፓ አለ፤ ሞተሩን የሚይዘው ሱፖርት፣ የትራስሚሲዮኑ መታጠፊያ ክሮቼራ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ሚኒሞ አሉ። እነዚህ ሁሉ ካምቢዮው ከቦታው ሳይነቃነቅ የሚታዩ ናቸው። ግማሾቹን ለማየት አንድ ብር እንኳ አያስፈልግዎትም።

እኛ ዲላ የምንሠራ ሰዎች መኪና ልንሞክር ስንወጣ አቅጣጫችን ወደ ደቡብ ነው። ከከተማው ወጥተን በሞያሌው አስፋልት ወደ ወናጎ ስንል ጪጩን እናገኛለን። ለዚህ ዓይነቱ ችግር ከጪጩ የተሻለ መሞከሪያ አላውቅም። ጌዴኦ በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነውና ከቡናውና ከእንሰቱ መሀል ድንገት ሰው፣ ድንገት ከብት፣ ድንገት ባጃጅ ብቅ ይላል። መንገዱም ዝም ብሎ ሜዳ አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ አብዛኛውን መንገድ በአምስተኛ ማርሽ ተዝናንቶ የመጣ መኪና ጉዱ የሚወጣው እዚህ ነው፤ አራተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ፣ ደግሞ ሦስተኛ። ሜዳ ላይ ሳምንት የሚፈጀውን የማርሽ ቅነሳ እዚህ በአንድ ጠዋት ይሠሩታል። ቱቱ ፈላ ያሉትን ትክል ድንጋዮች ሊያዩ የመጡ እንግዶች ዲላ ሲመለሱ «መኪናዬ ስትነሣ ደህና ነበረች» የሚሉት ለዚህ ነው። ደህና አልነበረችም፤ የጠየቃት አልነበረም እንጂ።

ከፍታውም አለበት። ዲላ ከ1,500 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ወደ ቡሌ ሲወጡ 2,500 ሜትርን ያልፋሉ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህሉን አየሩ ይወስድበታል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ አገር በአራተኛ ማርሽ የሚወጣውን ዳገት እዚህ በሦስተኛ፣ አንዳንዴም በሁለተኛ ይወጡታል። አውቶማቲክ ከሆነም ኮምፒውተሩ ያንኑ ያደርጋል፤ ይቀንሳል፣ ይጨምራል፣ መልሶ ይቀንሳል። ማርሽ በተቀነሰ ቁጥር ደግሞ የተደበቀው ችግር ሁሉ አንገቱን ያወጣል።

አሁን ወደ እግር ልምጣ። ሰው የሚቀየመን እዚህ ላይ ነው።

እንደ ሃይሩፍ ባሉ ከኋላ ጎማ በሚገፉ ባለ አምስት ማርሽ መኪናዎች አራተኛዋ ብዙውን ጊዜ አንድ ለአንድ ናት፤ ሦስተኛዋ አንድ ተኩል ለአንድ አካባቢ። በአራተኛ እየሄዱ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ይዞር ከነበረ፣ ፍጥነቱ ሳይቀየር ወደ ሦስተኛ ሲያወርዱት 3,000 መዞር አለበት። ሦስተኛዋን ዘለው ሁለተኛ ካስገቡ ከ4,000 በላይ። ፍሪሲዮን ሲረግጡ ግን ሞተሩ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ወደ ሚኒሞ ይወርዳል። ፍሪሲዮኑን ሲለቁ ያንን ክፍተት የሚሞላ ሌላ ነገር ስለሌለ ጎማው ሞተሩን ይጎትተዋል፣ ሞተሩም ጎማውን ይይዘዋል። የመኪናው አፍንጫ ዝቅ፣ የተሳፋሪው አንገት ወደ ፊት። ምቱ ይህ ነው፤ ካምቢዮው ምንም አላደረገም።

አንዱን ወጣት የሚኒባስ ሹፌር አስታውሳለሁ። «ካምቢዮዬ አለቀ» ብሎ መጥቶ አብሬው ወደ ጪጩ ወረድኩ። አንዲት ሴት በመንገድ ዳር አህያ እየነዳች ስትመጣ አይቶ ፍሬን ያዝ አደረገ፤ ከአራተኛ ቀጥታ ሁለተኛ አስገባና ፍሪሲዮኑን እንደ ትኩስ ብረት ለቀቀው። ጓ! ከኋላ የነበሩት ሁሉ ወንበር ያዙ።

«ሦስተኛዋን ለማን አስቀመጥካት?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምነዳው እኮ።»

«እሱማ ታውቋል። አሁን ደግሞ እኔ እንዳልኩህ አድርግ። ፍሬንህን ቀድመህ ጨርስ፤ ፍጥነቱ ይውረድ። ፍሪሲዮን ረግጠህ ሦስተኛን አስገባ። ከመልቀቅህ በፊት ነዳጁን ለቅጽበት ነካ አድርገው፤ ሞተሩ እም ይበል። እዚያው ላይ ልቀቅ።»

አደረገው። መኪናው ማርሽ መቀየሩን እንኳ አልነገረንም። ከዚያ ወዲያ ስለ ካምቢዮ ማለቅ አላነሣንም፤ ልጁ ግን ተናዷል። ተሳፋሪ ፊት «ጥፋቱ ያንተ ነው» መባሉ ሳይሆን አይቀርም።

ይህች ነዳጅ ነካ የማድረግ ዘዴ መንዳት ብቻ ሳትሆን ምርመራም ናት። ነዳጅ ነክተው ሲለቁ ምቱ ከጠፋ የሚፈታ ብሎን የለም። ነክተውም ካልጠፋ መኪናው ላይ እንነጋገር።

ስለ ሲንክሮናይዘር አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፤ ብዙ ሹፌር «አዲስ መኪና ሲንክሮ ስላለው ራሱ ያስተካክላል» ይላል። ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1928 ሲንክሮ ያለው ካምቢዮ ይዞ እስኪወጣ ድረስ ሹፌር ሁሉ የማርሾቹን ዙር በጆሮውና በእግሩ ነበር የሚያገጣጥመው፤ ፍሪሲዮን ረግጦ ፍሪ ያደርጋል፣ ለቆ ነዳጅ ይሰጣል፣ ደግሞ ረግጦ ያስገባል። የድሮ ከባድ መኪና የነዱ ሽማግሌዎቻችን እስከ ዛሬ እግራቸው ሁለቴ የሚረግጠው ስለዚህ ነው። ሲንክሮው ግን የሚያስተካክለው ካምቢዮው ውስጥ ያሉትን ማርሾች ብቻ ነው። ሞተሩን አይነካውም። ሞተሩና ጎማው የሚታረቁት ፍሪሲዮኑ ላይ ስለሆነ ሹፌሩ ችላ ካለ ፍሪሲዮኑ ሸራውን እየበላ ያስታርቃቸዋል።

ከዚህ ቀጥሎ መካኒክዎ ይጠይቅዎታል ብዬ የማልጠብቀውን ጥያቄ ራስዎ ይመልሱ። ድምፁ የሚመጣው መቼ ነው? ማርሿ ከመግባቷ በፊት «ክርር» ካለ አንድ ነገር ነው፤ ማርሿ ለስላሳ ገብታ ፍሪሲዮን ሲለቁ «ጓ» ካለ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን «ይመታል» በሚል አንድ ቃል አጠቃልለው ከነገሩን እኛም የሚጠቅመንን መርጠን እንሰማለን።

ክርር የሚለው ሁለት ዘመድ አለው፤ ያለቀ ሲንክሮ እና በደንብ የማይለቅ ፍሪሲዮን። የሚለዩት እንዲህ ነው። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ረግጠው አምስት ሰከንድ ያህል ይጠብቁና ወደ ኋላ ማርሽ ያስገቡ። ያኔም ከጮኸ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም ማለት ነው። ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ረገጥ ረገጥ ሲያደርጉት ማርሹ ከቀለለ ደግሞ አየር ገብቷል ወይም ፖምፓ እያሳለፈ ነው። የላይኛውን ፖምፓ ለማየት ከሹፌሩ እግር በላይ፣ ፔዳሉ ግድግዳውን የሚነካበት ቦታ ጣትዎን ይላኩ። ከረጠበ እሱ ነው። የታችኛውን ጎማ ሽፋኑን ገለጥ አድርገው ያዩታል፤ የፍሬን ዘይት ጠብ ካለ እሱ ነው። ሁለቱም ፖምፓዎች ከካምቢዮው ውጭ በሆኑባቸው መኪናዎች ሥራው የሰዓት እንጂ የቀን አይደለም። ሁለቱም ደህና ሆነው ማርሹ በአንዷ ቁጥር ብቻ፣ ለምሳሌ ወደ ሁለተኛ ሲወርድ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ያኔ ሲንክሮ ይጠርጠር። ከሁሉም ቀድማ የምታልቀው ሁለተኛዋ መሆኗ አይግረምዎት፤ ብዙ ሸክም የሚወድቀው እሷ ላይ ነው።

ሲንክሮውን ማን ጨረሰው ቢሉ አንዱ መልስ ዘይት ነው። ይህቺን በደንብ ይስሙኝ። ካምቢዮ ዘይት ለማስጨመር ሲሄዱ «ዘጠና ነው?» ብለው ይጠይቁዎታል፤ አዎ ይላሉ፤ ከትልቁ በርሜል ይቀዳልዎታል። ዘጠና ግን የዘይቱን ውፍረት እንጂ ዓይነቱን አይናገርም። ለዲፍረንሻል የሚሆነው ጂኤል-5 የሚባለው ነው፤ ብዙ ማኑዋል ካምቢዮ የሚፈልገው ጂኤል-4 ነው። አንዳንዱ የጂኤል-5 ቅመም የሲንክሮውን የነሐስ ቀለበት ቀስ እያለ ይበላዋል፤ ባይበላው እንኳ በጣም ስለሚያሟልጨው ቀለበቱ ማርሹን መያዝ ያቅተዋል። ሁለቱንም ከአንድ በርሜል መቅዳት ለሻጩ ይቀለዋል። ለእርስዎ ግን ማርሽ በቀነሱ ቁጥር ዋጋ አለው። የመኪናው መጽሐፍ ባይኖርዎት እንኳ የተዘጋ ጣሳ ገዝተው ጽሑፉን ያንብቡ። ወፍራም ዘይት ብርድ ላይ ማርሽ እንደሚያከብድም አይርሱ፤ ጠዋት ቡሌ ላይ የሚያስቸግር ካምቢዮ ቀትር ላይ ዲላ ሲወርድ ከለሰለሰ ዘይቱን እንጂ ብረቱን አይክሰሱ።

ማርሿ ገብታ «ጓ» የሚለውስ? እግሩን አስቀድመን አይተናል። ቀጥሎ ሱፖርቱ ነው። ኮፈኑን ይክፈቱ፤ ከፊትም ከኋላም ማንም አይቁም። አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ የእግር ፍሬን አጥብቆ ረግጦ፣ በአንደኛ ፍሪሲዮኑን በጣም በትንሹ ለቀቅ ያድርግ፤ ከዚያ በኋላ ማርሽ እንዲሁ። አውቶማቲክ ከሆነ ከ«ዲ» ወደ «አር»። እርስዎ ከጎን ሆነው ሞተሩን ይዩት። ትንሽ ቢነቃነቅ ወጉ ነው፤ ብድግ ብሎ ቁጭ የሚል ከሆነ ግን ሱፖርቱ ተቀዷል። ማርሽ ሲቀነስ የሚሰሙት ሞተሩ በአልጋው ላይ ሲገለባበጥ ነው። ከታች ገብተው ደግሞ ከኋላ ጎማ የሚገፋ መኪና ከሆነ ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ትራስሚሲዮን በሁለት እጅ ይዘው ወዲህ ወዲያ ያዟዙሩት። መኪናው ሜዳ ላይ ይሁን፣ ጎማው ይታገድ፣ ሞተሩ ይጥፋ። ክሮቼራው ላይ ክፍተት ካለ እጅዎ ይሰማዋል፤ ክሮቼራው ዳር ላይ ደግሞ እንደ ዝገት ዱቄት ያለ ቀይ ነገር ያያሉ። ያ ዱቄት ቅባት ያጣ ኩሽኔታ ነው። ክሮቼራ መቀየር ለደህና መካኒክ ትንሽ ሥራ ነው። በክሮቼራ ምክንያት የወረደ ካምቢዮ በዓይኔ አይቻለሁ። መልሰው ሲያስገቡት ያው «ጓ» ነበር፤ ባለቤቱም «ካምቢዮ ቀይሩልኝ» ብሎ ደግሞ ከፈለ።

ፍሪሲዮን ሲለቀቅ መኪናው አንዴ ከመምታት ይልቅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሸራው ላይ ዘይት ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ የሞተሩ የኋላ ጎሚኒ ሲያፈስ የሚያርፈው እዚያ ነው። ሸራው የሚያርፍበት ቮላኖ በሙቀት ተቃጥሎ ሰማያዊ ነጠብጣብ ሲያወጣም እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ካምቢዮው ወርዶ የሚታይ ነው፤ እዚህ ላይ መካኒኩ እውነቱን ነው። ሸራ ብቻ ቀይሮ ጎሚኒውን ከተወው ግን በሁለት ወር ተመልሰው ይገናኛሉ።

አውቶማቲኮቹ ዘንድ ሹክሹክታችን ትንሽ ይጨምራል፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ውድ ነው።

አውቶማቲክ መኪና ሊቆም ሲቃረብ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ሲወርድ ከኋላ የተገጨ ያህል ገፍቶ ከመታ፣ ኮፈኑን ሳይከፍቱ በፊት ሚኒሞውን ይዩ። ሞተሩ ሞቆም ሚኒሞው ከፍ ብሎ ከቀረ ካምቢዮው ያልተጠራ ጉልበት ይደርሰዋል። የአየር መግቢያው ቆሽሾ ይሆናል፤ ይታጠባል፣ ያበቃል። ባትሪ ከቀየሩ በኋላ የጀመረ ምት ከሆነም አይቸኩሉ፤ በብዙ መኪናዎች የካምቢዮው ኮምፒውተር የተማረውን ረስቶ እንደገና እየተማረ ነው፤ ጥቂት ቀን በእርጋታ ይንዱት።

ከዚያ ዘይቱ። መለኪያ ባላቸው አብዛኞቹ ቶዮታዎች ዘይቱ የሚለካው ሞተሩ ሞቆ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሳይጠፋ፣ ማርሹ «ፒ» ላይ ሆኖ ነው። መለኪያውን ነጭ ሶፍት ላይ ጠብ ያድርጉት። ቀይ ወይም ሮዝ ሆኖ ሰፋ ካለ ደህና ነው። ቡናማ ከሆነ ጊዜው አልፏል። መሀሉ ላይ ጥቁር ክብ ትቶ የተቃጠለ ሽታ ከሸተተዎት ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች ተበልተዋል፤ ዘይት መቀየር ያዘገየው እንደሆነ እንጂ አያድነውም። የዘይት መጠኑ ከጎደለም ቁልቁለት ላይ ፖምፓው አየር ይስባል፤ ሜዳ ላይ ደህና የሆነው መኪና ከጪጩ ወዲያ የሚያስቸግረው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ትልቁን ምስጢር ልንገርዎ። ብዙ ጋራዥ ውስጥ «ቀይ ዘይት» የሚባል አንድ ዘይት አለ። መሪ ቢጎድል እሱ፣ ካምቢዮ ቢጎድል እሱ። ዴክስሮን ነው። ቶዮታ አንዱን ሞዴል ዴክስሮን፣ ሌላውን ቲ-4፣ አዲሶቹን ደብሊውኤስ ይለዋል፤ አንዱ በሌላው የማይተኩ ናቸው። ከሁሉም የሚከፋው ሲቪቲ ሲሆን ነው። ቪትዝ ቪትዝ ስለሆነ ብቻ አንድ አይደለም፤ ቀዳሚዎቹ አውቶማቲኮች ባለ አራት ማርሽ ነበሩ፣ ከእነርሱ በኋላ ከመጡት ውስጥ ሲቪቲ የሆኑ አሉ። ሲቪቲ ማርሽ የለውም፤ በሁለት መንኮራኩር መሀል የሚሠራ የብረት ቀበቶ ነው፤ ቀበቶው የሚይዘው በራሱ ዘይት ነው። ቀይ ዘይት ሲጨመርበት ቀበቶው ይንሸራተታል፤ ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ሲለቁ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ወጪ ላስፈራዎ አልፈልግም። ዘይት ከመጨመሩ በፊት «ይህ ሲቪቲ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መካኒኩ ካፈረ ወይም ከሣቀ መኪናዎን ይዘው ይውጡ።

ዘይት ሲቀየር ብሎን ከፍቶ የሚወርደው ከሞላ ጎደል ሲሶው ወይም ግማሹ ነው፤ ቀሪው ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አንዴ ቀይሮ ጥቂት ነድቶ ደግሞ መቀየር ሌብነት አይደለም፤ ትክክለኛው አሠራር ነው። በአንፃሩ ኮምፒውተር ሰክቶ «ሶሌኖይድ»፣ ማለትም ዘይቱን የሚያዝዘው የኤሌክትሪክ ቫልቭ፣ ተበላሽቷል ካለ ወዲያው ካምቢዮ ለማውረድ የሚቸኩለውን ይጠርጥሩት። በብዙ መኪናዎች ሶሌኖይዶቹ ከታች የዘይት ሳህኑን ፈትተው የሚደርሱባቸው ናቸው። ሽቦው ተበልቶ፣ ሶኬቱ ውኃ ገብቶበት ያንኑ ኮድ የሚያወጣ መኪናም ሞልቷል፤ በተለይ ክረምት ካለፈ በኋላ።

ፍሪሲዮን ፔዳል የሌላቸው አንዳንድ ሱዙኪዎች ላይ ሰዎች ሲያማርሩ እሰማለሁ። እነሱ አውቶማቲክ ይባሉ እንጂ ውስጣቸው ማኑዋል ካምቢዮ ነው፤ ፍሪሲዮኑን የሚረግጥላቸው እግር ሳይሆን መሣሪያ ነው። ማርሽ ሲቀይሩ ራስ ነቅነቅ ማድረጋቸው ጠባያቸው ነው። ሊቀየር ሲል ነዳጁን ለቀቅ ያድርጉላቸው፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ በእጅ ወደ ታች ያውርዱት። ሌላ መድኃኒት አይግዙላቸው።

ይህ ሁሉ የምቾት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ድምፄን ዝቅ አላደርግም ነበር። ማርሽ መቀነስ የሚመታበት ሹፌር መቀነሱን ይተዋል። በዚህ መንገድ ላይ ያ አደገኛ ነው። ከይርጋ ጨፌ ወደ ዲላ፣ ከቡሌ ወደ ዲላ ቡና ጭኖ የሚወርድ አይሱዙ ማርሽ ካልቀነሰ ሸክሙን ሁሉ የሚሸከመው የፍሬን ሸራው ነው። ሸራው ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ከዚያ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይቆምም። በየዜናው «ፍሬን እምቢ ብሎት» የምንሰማው አደጋ ብዙ ጊዜ ከላይ፣ ዳገቱ አናት ላይ ባልተቀነሰች ማርሽ ይጀምራል። ከባድ ማርሽ የሚገባው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መሀል ላይ ደርሶ ፍጥነት ካመጡ በኋላ ሁለተኛ ልግባ ማለት ምቱንም ሞተሩንም አደጋ ላይ መጣል ነው። አይሱዙ ላይ የጭስ ፍሬኑ በርቶ ሳለ ማርሽ ቀንሰው ፍሪሲዮኑን ድንገት ከለቀቁ ምቱ እጥፍ ይሆናል፤ ያጥፉት፣ ማርሹን ያስገቡ፣ መልሰው ያብሩት።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ፍሪ አድርገው የሚወርዱትን ምን እንደምላቸው አላውቅም። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር በማርሽ ሆኖ ነዳጅ ካልተረገጠ ቁልቁለት ላይ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል፤ ፍሪ ሲደረግ ግን ሚኒሞውን ለማቆየት ያቃጥላል። ፍሬናቸውንም ነዳጃቸውንም አጡ ማለት ነው። አውቶማቲክ የያዙም ቢሆኑ «ዲ» ላይ ትተው ፍሬን ላይ አይቀመጡ፤ ፍጥነቱን አውርደው ኦቨርድራይቩን ያጥፉ፣ ካልበቃ «2» ላይ ያድርጉት። «ኤል» ግን በዝግታ ሲሄዱ ብቻ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አሮጌዎቹ መኪናዎች ዋጋቸው ወጣ፤ ካምቢዮ ጨርሶ ከመጣል ይልቅ ማደስም ተለመደ። የኤሌክትሪኮቹ አብዛኞቹ አንድ ማርሽ ብቻ ስላላቸው የምቱ ነገር እነርሱ ጋ የለም፤ ፔዳሉን ሲለቁ ሞተሩ ራሱ ይይዛቸዋል። እኛ ግን ገና ለብዙ ዓመት ከክርርና ከጓ ጋር ነን፤ ለሙያችንም ክፉ አይደለም።

ስለ ገንዘብ ትንሽ ልጨምር። ከዕቃ መሸጫ ለመካኒኩ የሚደርሰው ኮሚሽን የአደባባይ ምስጢር ነው። ዕቃ ሲገዛ አብረው ይሂዱ፤ የማይችሉ ከሆነ አሮጌው ዕቃ በእጅዎ ይመለስልዎ ብለው ከመጀመሪያው ይንገሩ። አሮጌውን የሚጠይቅ ሰው መኪና ላይ ያልተበላሸ ነገር አይቀየርም። «ኦርጅናል» የተጻፈበት ካርቶን ውስጥ ያለው ሁሉ ኦርጅናል እንዳልሆነ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ የሚመጣ ዕቃ የለመደ ሰው ያውቃል፤ ካርቶኑን ትተው ኩሽኔታው ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ያንብቡ። ከሁሉ በላይ ግን መካኒኩ መኪናውን ሲሞክር አብረውት ይቀመጡ። ከዲላ እስከ ጪጩ ደርሶ መመለስ ሩቅ አይደለም።

ካምቢዮው በእርግጥ መውረድ ያለበት ጊዜም አለ። ማርሽ ገብቶ ሳለ ራሱን ፍሪ እያደረገ የሚወጣ ከሆነ፣ በአንድ ማርሽ ብቻ የሚያጓራ ከሆነ፣ ወይም ዘይቱ ሲወርድ ከታች ብሎኑ ማግኔት ላይ የብረት ስብርባሪ ከተገኘ አይከራከሩ፤ ይውረድ። ማግኔቱ ላይ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ነገር ብቻ ካለ ግን ያ የዕድሜ ነው፤ ጠርገው ይመልሱት። ከወረደ ደግሞ ፍሪሲዮን ሸራውን፣ ኩሽኔታውንና የሞተሩን የኋላ ጎሚኒ አብረው ያስቀይሩ፤ ለእነሱ ብቻ ቢመለሱ ያንኑ የማውረጃ ዋጋ ሁለተኛ ይከፍላሉ፤ ይህንን ደግሞ ሳይጠይቁን እኛ አንነግርዎትም።